ባለሸራ ጀልባን ብቻን ከውሃ ስለ ማውጣት፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ስለ ትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች በተነጋገርንበት ዝግጅት ላይ ስልክ የደወሉ አድማጮች ቁጥር ብዙ ስለነበረና የአየር ሰዓቱም ስላልበቃን፣ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድመልስ በተጠየቅሁት መሠረት መልሶቹን እነሆ አቅርቤያለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም ረዳት የሌለው ሰው ጀልባውን ከውሃው ጠርዝ አንሥቶ ዳገታማውን አሸዋ እንዴት ሊያወጣው ይችላል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት ሰው ነኝ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሌዘር የምትባለዋ ዓይነት የአንድ ሰው ጀልባ አለችኝ። ቁልቁል ሳስገባት አያስቸግረኝም፤ ስመለስ ግን ዳርቻው ዳገት ስለሆነ ጥቂት እርምጃ ጎትቼ እቆማለሁ። የሚያግዙኝን ልጆች ሁልጊዜ አላገኝም። ዳገቱ ለዘብ ያለ ሌላ ቦታ ብፈልግ ይሻላል?

መልስ፦ ዳገቱን መውቀስዎ አይገርምም፤ ዓይን የሚያየው እሱን ነውና። ጉልበትዎን አብልጦ የሚጨርሰው ግን ከጀልባዋ ሆድ ሥር ያለው አሸዋ መሆኑን በቁጥር ላሳይዎት። የሌዘር ባዶ አካል 59 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ምሰሶው፣ ሸራው፣ መሪውና ገመዱ ሲጨመር በደምሳሳው 80 ኪሎ እንበለው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳርቻ ላይ ዳገቱ ለብቻው የሚጠይቅዎት 8 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ብቻ ነው። ጀልባዋ በደረቅ አሸዋ ላይ በሆዷ ስትጎተት የሚፈጠረው ሰበቃ ግን፣ እንደ አሸዋው ዓይነት ቢለያይም፣ የክብደቷን ግማሽ ሊያህል ስለሚችል 40 ኪሎ ይጨምርብዎታል። በድምሩ 48 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ይህን በሚሰምጥ አሸዋ ላይ ቆሞ ብቻውን መጎተት ለጎልማሳም ከባድ ነው።

አሁን ሁለቱን አማራጮች ያነጻጽሩ። ዳገቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ሸክሙ ከ48 ወደ 55 ኪሎ ገደማ ከፍ ይላል። ዳገቱን እንዳለ ትተው ጀልባዋን በሚንከባለል ነገር ላይ ቢያስቀምጧት ደግሞ ሰበቃው ወደ ክብደቷ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ስለሚችል፣ የሚጎትቱት 16 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ለመቀየር አይድከሙ፤ ያለዎትን ገንዘብና ሐሳብ ሁሉ ከጀልባዋ ሥር በሚገባው ነገር ላይ ያውሉት። ብዙ ሰዎች ሲደክማቸው ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ለመውጣት ይሞክራሉ። ጀልባዋ በጎማ ላይ ካለች ይህ በመጠኑ ይረዳል፤ በሆዷ እየተጎተተች ከሆነ ግን መንገዱን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም፤ ምክንያቱም ሰበቃው በእያንዳንዱ እርምጃ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጀልባዋ ምን እንደያዘች ይመርምሩ። አንድ ቀን ማለዳ እዚያው ላንጋኖ ላይ፣ ዘወትር የማወጣት ጀልባ እንደ ተተከለች አልነቃነቅ አለችኝ። ፊቷን ድንጋይ ላይ አሳርፌ ከኋላዋ ግርጌ ያለውን ትንሽ ቡሽ ብፈታው፣ ያ የላንጋኖ ቡናማ ውሃ እንደ ጣት በቀጠነ ጅረት ይወርድ ጀመር። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ብደቅን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሦስተኛውን ጀመረ። ምሰሶው በሚቆምበት ጉድጓድ ዙሪያ የነበረች የፀጉር ስንጥቅ ነበረች ያን ሁሉ ውሃ ቀስ በቀስ ያስገባችው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና፣ ከ20 ኪሎ በላይ ትርፍ ሸክም ለስንት ሳምንት ሳላውቀው ስጎትት ኖሬያለሁ ማለት ነው። የጣና ታንኳ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያዩ ታንኳቸውን ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል። እርስዎም ዳር እንደ ደረሱ ሸራውን ያውርዱ፤ በሆዷ በኩል ወደ ታች የሚገባውን ጣውላና መሪውን ያውጡ፤ ምሰሶውን ይንቀሉ፤ ቡሹን ይክፈቱ። ሁሉንም በሁለት ምልልስ ተሸክመው ሲያወጡ የቀረው ባዶ አካሏ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለጀልባ የተሠራውን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ገዝቼ ነበር፤ ነገር ግን ጎማው አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ከቀድሞው ይልቅ አስቸገረኝ። ገንዘቤን ያለ ጥቅም አወጣሁ?

መልስ፦ ጋሪው አልበደለዎትም፤ የጎማው ስፋትና አየር ነው ያልተስማማዎት። ቀጭንና በአየር የተወጠረ ጎማ ለአስፋልት ይመቻል፤ በአሸዋ ላይ ግን እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ ከሰመጠ በኋላም በእያንዳንዱ እርምጃ ከፊቱ የተከመረውን አሸዋ እየገፋ መውጣት አለበት። አየሩን ቀንሰው ጎማው ረገብ እንዲልና ወደ ጎን እንዲሰፋ ያድርጉ። ይህ ካልበቃ እንደ ፊኛ የተነፋና በዝቅተኛ አየር የሚሠራ ወፍራም የአሸዋ ጎማ ይግጠሙለት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር ጋሪውን ደረቅ መሬት ላይ አቁሞ ጀልባዋን ወደ ላዩ ለማንሳት መሞከር ነው። ጋሪውን ወደ ውሃው ይዘው ይግቡ። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ጀልባዋ ገና እየተንሳፈፈች ሳለ ጋሪውን በሥሯ ያስገቡት፤ ክብደቷን ውሃው ይይዝልዎታል፤ የእርስዎ ሥራ ማስተካከል ብቻ ነው። ጎማዎቹ ከጀልባዋ ሚዛን ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ፤ እንዲህ ሲሆን በእጀታው በኩል ሁለት ሦስት ኪሎ ያህል ወደ ታች ይጫናል፤ ወደ ላይም ተነሥቶ አያስቸግርዎትም። የፊቷን ገመድ እጀታው ላይ ካላሰሩ ዳገቱን ሲጀምሩ ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ተመልሳ ውሃ ውስጥ ትገባለች።

መንገድዎንም ይምረጡ። ከውሃው አጠገብ ያለው እርጥብና የተጠቀጠቀ አሸዋ እንደ ወለል ይጠነክራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረቅና ልል አሸዋ ነው ጎማ የሚውጠው። በግብፅ በጀሁቲሆቴፕ መቃብር ውስጥ፣ ከ3,800 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ሥዕል ላይ፣ ግዙፍ ሐውልት በበረዶ መንሸራተቻ መሰል እንጨት ላይ ሲጎተት አንድ ሰው ከፊቱ ውሃ ሲያፈስ ይታያል። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሸዋው በልኩ ሲረጥብ የሚያስፈልገው የመጎተቻ ኃይል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በልኩ የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ፤ ውሃው ከበዛ አሸዋው ጭቃ ሆኖ ይይዛል። ደረቁ ክፍል አጭር ከሆነ ጥቂት ባልዲ ውሃ ከጀልባዋ ፊት መርጨት ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሪ መግዛት አልችልም። በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ማንከባለል ይቻላል?

መልስ፦ በሚገባ ይቻላል። ከ10 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ርዝመቱ ከጀልባዋ ሆድ ትንሽ በለጥ እንዲል አድርገው ሦስት ቦታ ይቁረጡ። ፊቷን አንሥተው የመጀመሪያውን፣ ጥቂት ከሳቡ በኋላ ሁለተኛውን ያስገቡ፤ ከኋላ የወጣውን ቱቦ እየያዙ ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ነው። አሸዋው ልል ከሆነ ቱቦው ስለሚቀበር ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎችን እንደ ሐዲድ አንጥፈው በላያቸው ያንከባልሉ። ለብቻው የሚሠራ ሰው ቱቦ ለመለወጥ ሲሄድ ጀልባዋን የሚይዝለት ስለሌለ፣ በቆሙ ቁጥር ከኋላዋ ሥር ድንጋይ ወይም አሸዋ የሞላ ከረጢት ያስደግፉ። ይህችን ትንሽ ጥንቃቄ የሚዘል ሰው ያወጣትን ጀልባ መልሶ ያባርራል።

ጥያቄ፦ ወገቤን ዲስክ ያመኛል፤ ሐኪም ከባድ ነገር እንዳላነሣ ከልክሎኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ነው። በፑሊ፣ ማለትም ገመድ በሚያልፍበት ተሽከርካሪ መንኮራኩር፣ ብጎትትስ?

መልስ፦ ለእርስዎ የሚሻለው እሱ ነው፤ ያም ቢሆን ከሐኪምዎ ጋር ይማከሩ። አራት የገመድ ክር በሚያልፍበት ፑሊ፣ ከላይ ለሌዘር ያሰላነው የ48 ኪሎ ጉተታ በንድፈ ሐሳብ ወደ 12 ይወርዳል፤ ፑሊዎቹ ራሳቸው ስለሚያባክኑ ግን 16 ወይም 17 ይበሉት። ዋጋው ርዝመት ነው፤ ጀልባዋን 15 ሜትር ለማስኬድ 60 ሜትር ገመድ በእጅዎ ያልፋል። ስለዚህ ፑሊውን ከማንከባለያ ጋር ቢያጣምሩት ሁለት ክር ብቻ ይበቃዎታል፤ ሥራውም በግማሽ ያጥራል።

ትልቁ ጥያቄ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ጠንካራ ዛፍ ካለ ልጡን እንዳይልጠው በሰፊ ጠፍር ይሰሩ። ዛፍ ከሌለ አንድ ወፍራም ግንድ ወይም በአሸዋ የተሞላ ከረጢት፣ ከሚጎትቱበት አቅጣጫ አግድም አድርገው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይቅበሩ፤ ገመዱ ወደ ላይ ነቅሎ እንዳያወጣውም ከጉድጓዱ ወደ ጀልባዋ የሚወጣበትን ቀጭን ቦይ ዘንበል አድርገው ይቆፍሩለት። ካስማ ከተጠቀሙ ከጀልባዋ በተቃራኒው ወገን አዘንብለው ይምቱት፤ አንዱ ካልበቃ ከበስተኋላው ሁለተኛውን ተክለው የፊተኛውን አናት ከኋለኛው ግርጌ ጋር ይሰሩት። የሚጎትተው ገመድ ደግሞ ከፊተኛው ካስማ ግርጌ፣ ለመሬት ቀረብ ብሎ ይታሰር።

ናይለን ገመድ እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ፣ ካስማው በድንገት ቢነቀል ወይም ገመዱ ቢበጠስ የያዘውን ኃይል ሁሉ ይዞ ይመለሳል። ፖሊስተር ገመድ እምብዛም አይሳብምና እሱን ይምረጡ፤ በተወጠረ ገመድ መስመር ላይም ሆነ ከጀልባዋ በታች በኩል አይቁሙ። ገመድን እጅዎ ላይ መጠምጠም የለብዎትም፤ ጓንት ማድረግ ይገባዎታል። በእጅ ከመሳብ ይልቅ ሰፊ ቀበቶ ዳሌዎ ላይ አድርገው፣ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው በእግርዎ እየገፉ ወደ ኋላ ይራመዱ፤ ሥራውን ጭንዎ ይሠራል። ቀበቶው ግን ከሰውነትዎ ጋር የተቋጠረ አይሁን፤ ጀልባዋ ብታመልጥ በአንድ እርምጃ ወጥተው የሚጥሉት ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት እስራኤል፣ በሜዲትራኒያን ዳር አሽቀሎን ነው። ባሕሩ ሲነሣ ገና ከውሃው ሳልወጣ ሞገዱ ጀልባዋን መልሶ ሊመታኝ ይደርሳል። የት ልቁም?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች አስቸኳዩ ነው። በጀልባዋና በዳርቻው መካከል በፍጹም አይቁሙ። በውሃ የተሞላ ጀልባ በሞገድ ሲገፋ ከሰው አቅም በላይ ነው፤ ጉልበትንም ይሰብራል። ሁልጊዜ ጀልባዋ በእርስዎና በዳርቻው መካከል ትሁን፤ ማለትም እርስዎ በባሕሩ ወገን ይቁሙ። ፊቷ ወደ ሞገዱ ይዙር፤ ጎኗን ለሞገዱ ከሰጠች ትገለበጣለች። ሞገዶቹ ብዙ ጊዜ በቡድን ስለሚመጡ፣ ትልልቆቹ እስኪያልፉ ጥልቅ ውሃ ላይ ታግሠው ይጠብቁ፤ ከዚያ የሚመጣው ሞገድ ሲያነሣት እየገፉ ወደ ዳር ያስጠጓት። ሞገዱ ሲመለስ አይታገሉ፤ ብቻ ያዟት። ውሃው ነጻ ጉልበት የሚሰጥዎት በዚያች የመነሣት ቅጽበት ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፤ ዓርብ ዓርብ የጓደኛዬን ጀልባ እጠቀማለሁ። አንድ ጊዜ ዳር ትቻት ምሳ በልቼ ስመለስ ተንሳፍፋ አገኘኋት። ስንት ሜትር ማውጣት አለብኝ?

መልስ፦ ላንጋኖ ላይ የባሕር ሙላትና ጉድለት የለም፤ የሜዲትራኒያን ዳር ልዩነትም ትንሽ ነው። በእርስዎ አካባቢ ግን ውሃው ከ1 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ዳርቻው በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ከሆነ፣ ውሃው 1 ሜትር ከፍ ባለ ጊዜ 10 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ ዳርቻው ከዚህ የተኛ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይገባል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እንደሚሰፋም ይወቁ። አሸዋው ላይ የባሕር ሣርና ቆሻሻ የተከመረበትን ከፍተኛ መስመር ይፈልጉ፤ ከዚያ በላይ ቢያንስ የጀልባዋን አንድ ርዝመት፣ ማለት ከ4 ሜትር የማያንስ፣ ያውጧት። ምሰሶዋን ሳይነቅሉ በጋሪ የሚያንቀሳቅሷት ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ከ6 ሜትር የሚበልጥ የአሉሚኒየም ምሰሶ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ከተነካካ ሰው ይገድላል። ሸራዋን አውርደው፣ ቡሿን ከፍተው፣ የፊቷን ገመድ ከተቀበረ ከረጢት ጋር አሥረው ምሳዎን ይሂዱ።