ላይደንን በእግርና በማዕድ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከተለያዩ የኔዘርላንድስ ከተሞች ተሰባስባችሁ ለዛሬው የእግር ጉዞ ላይደን የተገኛችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመነሣታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ የምለምነው፣ ዛሬ የምንቀምሰውን ምግብ ታሪኩን ሳናውቅ በልተነው እንዳንመለስ ስለምሰጋ ነው። እዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት አብረው ተቀቅለው የሚፈጩበትን ሁትስፖት ባቀረቡልኝ ጊዜ ተራ የክረምት ምግብ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ከየት እንደመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1574፣ ከሜይ ማብቂያ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ፣ የስፔን ንጉሥ ጦር ይህችን ከተማ ከብቦ መግቢያ መውጫ አሳጥቷት ነበር። እህሉ አለቀ፤ በረኃቡና አብሮት በገባው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ረገፈ። በስፔን ንጉሥ ላይ ያመፁትን የሚመራው የኦራንዬው ልዑል ቪለምና አጋሮቹ ከተማዪቱን ለማዳን የወሰኑት፣ ባሕሩን ያገዱትን የአፈር ግድቦች ቆርጦ መርከቦች በእርሻው ላይ እንዲንሳፈፉ ማድረግ ነበር። ማሳን በገዛ እጅ ለጨው ውኃ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከመካከላችን የገበሬ ልጆች የሆናችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ውኃው ግን ለሳምንታት ለመርከብ የሚበቃ ጥልቀት አላገኘም፤ በመጨረሻ ማዕበል ገፍቶ አመጣው፣ ከባቢው ጦርም በሌሊት ሸሸ። ኦክቶበር 3 ማለዳ፣ «የባሕር ለማኞች» የሚባሉት ዓማፅያን ሃሪንግ ዓሣና ነጭ ዳቦ ጭነው ገቡ።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ በዚያው ዕለት አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ስፔናውያን ጥለውት በሄዱት ምሽግ ውስጥ ወጥ ያለበት ድስት አገኘ፤ የሁትስፖት መነሻም ይኸው ነው ይባላል። ያ ነው የሚባለው ድስት ዛሬ በላከንሃል ሙዚየም ይታያል። ድንች በዚያ ዘመን የዚህ አገር ሰው ምግብ ስላልነበረ፣ አሁን የምንበላው ኋላ የተለወጠው ነው፤ ይህም የድስቱን ትዝታ በእኔ ዘንድ አያሳንሰውም።

ጉዟችን የሚጀምረው ከቫን ደር ቬርፍ ሐውልት ነው። ይህ የከተማው ሹም፣ የተራበው ሕዝብ እጅ እንስጥ ብሎ በጮኸበት ጊዜ፣ «ክንዴን ቆርጣችሁ ብሉ እንጂ ከተማዪቱን አልሰጥም» እንዳለ ይተረካል። ሐውልቱ የቆመበት መናፈሻም የራሱ ኀዘን አለው፤ በ1807 ባሩድ የጫነ መርከብ ፈንድቶ ያወደመው ሰፈር ነው።

ቀጥለን ወደ ደ ቫህ፣ ወደ ጥንቱ የሚዛን ቤት፣ እንሄዳለን። ነዋሪው በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ሃሪንግና ነጭ ዳቦ የሚታደለው እዚያ ነው። ዓሣው በጨው የበሰለ እንጂ እሳት የነካው አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ ለለመድን ለእኛ ይህ ሊያስፈራን አይገባም፣ ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር ሞክሩት። የላይደንን አይብም እንቀምሳለን፤ ከሙን ስለሚገባበት ሽታው ለአፍንጫችሁ እንግዳ አይሆንም።

ከዚያ በሰው እጅ ወደ ተቆለለው ኮረብታ፣ ወደ ቡርኽት ምሽግ፣ እንወጣለን። እዚያ ስትደርሱ ከጣሪያዎቹ ባሻገር ወደ ደቡብ ተመልከቱ፤ መርከቦቹ በእርሻው ላይ እየተንሳፈፉ የመጡት በዚያ በኩል ነው። ሁትስፖቱን የምንበላው ከኮረብታው ስንወርድ ነው።