ስኳሩ ሳያሳምም የደም ስራችንን ያደርቃል (ደሴ፣ በቅሬያችን፣ ማለትም በእድራችን፣ ስብሰባ ላይ ያደረኩት ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የቅሬያችን አባቶችና እናቶች። በነርስነት ስሰራ በጣም የምሰማው ነገር "ስኳር አለብኝ ግን ምንም አያመኝም" የሚለው ነው፣ አባቴም እንደዛ ይል ነበር፣ የእግሩ ጣት እስኪጠቁር ድረስ።

ድፎ ዳቦ ስትጋግሩ ጀርባው የሚቀላው ስኳሩ በእሳቱ ሙቀት ከዱቄቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ደማችን ውስጥም ስኳር ሲበዛ ያው ነገር ይሆናል፣ ቀስ ብሎ፣ በአመታት። የደም ስራችንን ግድግዳ የያዘ ኮላጅን የሚባል ክር አለ፣ ስኳሩ እሱ ላይ ይለጠፍና ክሮቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል፣ ከዛ ልብ በመታ ቁጥር መለጠጥ የነበረበት ስር ድርቅ ይላል፣ ግፊትም ይጨምራል። ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ስሩን የሚያላላ ነገር ያመርት ነበር፣ ስኳር ሲበዛ እሱም ያንሳል፣ ሽፋኑ ይጎዳል፣ መጥፎው ኮሌስትሮል በዛ በኩል ገብቶ ይከማቻል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ምንም አያምም እኮ! የሚታወቀው ልብ ወይ አንጎል ወይ እግር ላይ ሲወጣ ነው።

ግን አብሽሩ፣ ቶሎ የያዘው ሰው ይጠቀማል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጉ 1,441 ሰዎች ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. አለቀ፣ ሰዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር፣ ስኳራቸውን ለ6 አመት ተኩል ያህል ጠበቅ አድርገው የያዙት፣ በኋላ የሁለቱም ቡድን ስኳር ቢቀራረብ እንኳን ከአመታት በኋላ ሲታዩ የልብና የደም ስር ችግራቸው ከሌሎቹ በ42 ፐርሰንት አንሶ ተገኘ። እኔን በጣም የሚነካኝ ይሄ ነው፣ አባቴ ያሳለፋቸውን አመታት ስለማስብ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል በአንድ ቁጭታ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምንከት ቁጠሩት። ወሎዬን ቡና ተው አልልም፣ ስኳሩን ግን ቀንሱልኝ። ሲጋራም ያው ስር ላይ ነው የሚሰራው።

በባዶ ሆድ 126 እና ከዛ በላይ በተለያየ ቀን ሁለቴ ከመጣ ስኳር ነው፣ ከ100 እስከ 125 ያለው መንገድ ላይ ነው። የ3 ወር ስኳር የሚባለውንም ጠይቁ፣ እሱ ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው የሚለካው፣ 6.5 ፐርሰንት ከደረሰ ስኳር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ይዤ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ። ከራት በኋላ ከውሃ ሌላ ሳትቀምሱ ኑ፣ ኢንሱሊን የምትወጉ ግን ቀድማችሁ አናግሩኝ። መጀመሪያ የምትለካው እናቴ ናት።