መስታወት ላይ የሄደች እርሳስ

ክቡራን እንግዶች፣ የተወደዳችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እንደምን አመሻችሁ። ስልካችን ፊታችንን ማሳመር ከጀመረ ወዲህ «ድሮ ፎቶ አይዋሽም ነበር» የሚል ሰው በዝቷል። ግን ገና ድሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1855፣ ፓሪስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶ አንሺ በእጅ የታረመ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚታተምበትን መነሻ ምስል፣ ይዞ ቀረበ። ከዚያው ኔጋቲቭ የታተሙ ሁለት ፎቶዎችም አሳየ፤ አንዱ ሳይታረም፣ ሌላው ከታረመ በኋላ። ልዩነቱ ብዙ አስወራ።

ለምን ማረም አስፈለገ? መጀመሪያ የዋሸው ኔጋቲቩ የተሠራበት መስታወት ነዋ! እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ያስተዋወቀው፣ ኮሎዲየን የሚባል ተጣባቂ ፈሳሽ የተቀባ መስታወት ሰማያዊውን አጥርቶ ያያል፤ ለቀይ ግን ዕውር ነው። ጉንጩ ቀላ ያለ ሰው ጠቁሮ ይወጣል። በአካል ልብ የማትሉት ጠቃጠቆ ፎቶው ላይ የቀለም ፍንጣቂ ይመስላል።

ኔጋቲቭ ደግሞ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ፎቶው ላይ ጥቁር የሚሆነው ነጥብ እዚያ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ አራሚው ያጠቁረዋል፣ ሲታተም ይነጣል። መስታወቱን ዘንበል ባለ ማቆሚያ ላይ ያስቀምጥና ከሥር ብርሃን በሚመልስ ሌላ መስተዋት የመስኮቱን ብርሃን ያበራበታል። እርሳስ እንዲይዝለት ሙጫ ነገር በስሱ ይቀባዋል። ጠንካራ እርሳሱን ጫፉ እንደ መርፌ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ይስላል። መስመር አይጎትትም፤ ነጥብ በነጥብ፣ ጭረት በጭረት ነው የሚሄደው። ኔጋቲቩ ላይ ከልክ በላይ የጠቆረውን ደግሞ በምላጭ ይፍቃል፤ እዚህ ላይ እጅ ከዳ ማለት ፊቱ ተቀደደ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ እኔ ከአራሚው ጋር ነኝ፤ መስታወቱ ያበላሸውን መለሰ እንጂ ምን አጠፋ? ኋላ ግን እርሳሷ ልክ አጣች። ዕድሜ ያወጣው የዓይን ሥር መሸብሸብ ተደፈነ፣ አገጭ ተስተካከለ፣ ወገብ ቀጠነ። የእናቴ የወጣትነት ፎቶ ላይ ግንባሯ ወለል ያለ ነው። በልጅነቴ በጣቴ እየዳሰስኩ ያደግሁበት ጠባሳዋ የለም። ፎቶ ቤቱ ሳያስፈቅዳት ነው ያጠፋው። እሷ ወዳዋለች፤ እኔ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ የቆዩ ኔጋቲቮች አሉ። በቀጥታ ብታዩዋቸው ምንም አይታያችሁም። ብርሃኑ በጎን እንዲመታቸው ዘንበል አድርጓቸው፤ ጉንጩና ግንባሩ ላይ እርሳሱ ብልጭ ይላል። አደራ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ያዙ።

አመሰግናለሁ።