ዲጂታል ብር ሲመጣ መስኮቱ ላይ ማን ይመልሳል?

የተከበራችሁ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ገንዘብ ከፋዮችና የደንበኞች አገልግሎት ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። እነዚያን ሦስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍናቸው የማያስታውስ ካለ ያኔ ገና ተማሪ ነበር ማለት ነው። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው ብር መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። በአራት የታጠፈ ነው፤ ጢስ ጢስ ይሸታል። ቆጥሬ አዲሱን ስሰጣቸው አላነሱትም። «ልጄ፣ አሮጌው ምን አጠፋ?» አሉኝ። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። «ብሔራዊ ባንክ ነው ያዘዘው እማማ» አልኳቸው። አገላብጠው አዩትና ወደ መቀነታቸው መለሱት።

መልስ ሰጥቼ መስሎኝ ነበር። የሠለጠንነው ትክክለኛውን ኖት ከሐሰተኛው ስለ መለየት እንጂ ለውጡን ለሰው ስለ ማስረዳት አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

ብሔራዊ ባንካችን እስካሁን ዲጂታል ብር፣ ማለትም በወረቀት ፈንታ በዲጂታል መልክ የሚያወጣው የራሱ ብር፣ አላወጣም፤ መቼ እንደሚያወጣም ልተነብይ አልመጣሁም። «ሲመጣ እንማረዋለን» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሲመጣ የምንማረው የትኛውን ቁልፍ እንደምንጫን ነው። ደንበኛው የሚጠይቀን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቃል፤ «ቴሌብር አለኝ፣ የባንክ መተግበሪያም አለኝ፤ ይኼኛው ምን ልዩነት አለው?» እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ይህን ሳይንተባተብ የሚመልስ ስንት ነው? ደንበኛው በሒሳቡ ያለው 1,000 ብር እኛ ለእሱ ያለብን ዕዳ ነው። ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ይሸፍንለታል። የቴሌብር ቀሪ ሒሳብም ከጀርባው በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ዲጂታል ብር ግን እንደ ወረቀቱ ብር የብሔራዊ ባንኩ የራሱ ግዴታ ነው። ደንበኛው ከሒሳቡ 1,000 ብር ወደ ዲጂታል ብር ቢያዛውር፣ በእኛ መዝገብ ተቀማጩ በ1,000 ይቀንሳል፤ በብሔራዊ ባንክ ያለን መጠባበቂያም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጥሬ ገንዘብ ወጪ ያደረገ ያህል ነው። ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ገንዘብ ከፋይ ለእኔ ዝግጁ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

ናይጄሪያን እንመልከት። የማዕከላዊ ባንኳ ዲጂታል ገንዘብ ኢናይራ ሥራ ላይ የዋለው ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው። ዓመት ከሞላው በኋላ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ 98.5 በመቶ የሚሆነው የኢናይራ ቦርሳ (ገንዘቡ የሚያዝበት ዲጂታል ሒሳብ) አንድም ጊዜ አልተነካም። ቴክኖሎጂው ነበረ፤ ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው እንኳ በአጭር ቁጥር የሚሠራ አገልግሎት ተጨምሮለት ነበር። ናይጄሪያዊው ግን ከባንኩ በስልኩ ገንዘብ መላክ ከለመደ ቆይቷል፤ አዲሱን ለምን እንደሚይዝ አልታየውም። ባንኮቹም ቢሆኑ የራሳቸውን ተቀማጭ የሚቀንስ ነገር ለደንበኛ ለማስተዋወቅ ምን ያጣድፋቸዋል? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የባንክ ሰው ስለሆንኩ ግን ግምቱ አይከብደኝም።

እኛም ዘንድ ይኸው ሥጋት አለ፤ ሸፍነን አንለፈው። ተቀማጭ ከሸሸ የምናበድረው ይቀንሳል። ባሃማስ መታወቂያ ሳይጠየቅ በሚከፈተው የዲጂታል ገንዘቧ፣ የሳንድ ዶላር፣ ቦርሳ ላይ የ500 ዶላር ጣሪያ ያበጀችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከልም «ብር መቁጠር ሲቀር እኔስ?» የሚል አለ። የምትቆጥሩት ብር ይቀንሳል፤ አልዋሻችሁም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 200 ብር ጎድሎ ከደመወዝ የተቆረጠበት ሰው ግን ለዚያ ሥራ ብዙ የሚያለቅስ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ «ምን እንደገዛሁ መንግሥት ያያል?» መልሱ ገንዘቡ በሚነደፍበት መንገድ ይወሰናል፤ ንድፉ ሳይታወቅ «አያይም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ያያል» ብላችሁም አታስበርግጉ። «ደንቡ ሲወጣ እነግርዎታለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ስልኩ የጠፋበት፣ መብራት የሄደበት፣ መረብ የማይደርስበት ወረዳ ያለ ደንበኛም ይጠይቃችኋል። በእነዚህ ላይ ዛሬ ብዙ አልልም፤ ከሰዓት በኋላ የቴክኖሎጂ ክፍሉ ባልደረቦች ይመጣሉ፤ እነሱን አፋጥጧቸው።

አሁን ሻይ እንጠጣ። ስንመለስ ወረቀት አላድልም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ መስኮት እንሠራለን፤ የእናቲቱን ቦታ እኔ እይዛለሁ፤ ነጠላዬንም መቀነቴንም ይዤ መጥቻለሁ። ከመስኮቱ ኋላ የሚቀመጥ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ሥራ አስኪያጆች ይቅደሙ።