የማስታወሻ መተግበሪያ ያስፈልጋችኋል ወይ? መጀመሪያ የዱቤ ደብተሩን እንየው

ኖሽን ይሻላል ወይስ ኦብሲዲያን? ዋንኖት ይሻላል ወይስ ጎግል ኪፕ? ሳትሰለቹ የምትጠይቁኝ ይህንን ነው። ዛሬም አልመልስላችሁም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለና። ለመሆኑ ያስፈልጋችኋል ወይ? ደብተርና እስክሪብቶ ምን በደሏችሁ?

የሰፈራችሁን ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ዘይት የነካካው፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት፣ ከሚዛኑ አጠገብ የሚቀመጠው። በእኔ ዓይን ከእርሱ የሚበልጥ የማስታወሻ ሥርዓት የለም። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው። ከላይ «የማሙሽ እናት» ይላል፤ የመታወቂያ ስማቸውን ባለ ሱቁ አያውቀውም፣ አያስፈልገውምም። ከሥሩ «ዘይት 1፣ ስኳር ግማሽ፣ ሳሙና 2»። ቀን፣ ዋጋ፣ አበቃ። ሲከፈል ይሰረዛል። ባለ ሱቁ የገጹን ዳር በአበባ አያስጌጥም። ለስኳር አረንጓዴ፣ ለዘይት ቢጫ እያለ ቀለም አይመድብም። ስለ ዱቤ አያያዝ የሁለት ሰዓት ቪዲዮም አያይም። (የእኔን ቪዲዮ ግን ቢያይ ደስ ይለኛል።) ታዲያ ለምን ይጽፋል? ሊሰበስብ ነዋ! ይህችን ያዙልኝ፤ የሚጽፈው ሊሰበስብ ነው። የደመወዝ ቀን ሲደርስ ደብተሩ ይገለጣል፤ ያልተገለጠ ገጽ የጠፋ ገንዘብ ነው።

እኛስ? የስብሰባ ማስታወሻ፣ የወጥ አሠራር፣ «በኋላ የሚነበብ» ብለን የከመርነው ሁሉ ማን ይሰብስበው? ዱቤውን ሰጥተናል፤ ደንበኛው ሰፈር ለቋል።

ስለዚህ መለኪያዬ አንድ ነው። ባለፈው ወር፣ ቀደም ብላችሁ የጻፋችሁትን ነገር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ጨርሶ ካልፈለጋችሁ መተግበሪያ አይጠቅማችሁም፤ የምትከምሩበትን ቦታ ብቻ ይለውጥላችኋል። ደጋግማችሁ ከፈለጋችሁና በፈለጋችሁ ጊዜ ደብተሩ ቤት ከቀረ፣ አዎ፣ ያስፈልጋችኋል። ተማሪዎች ደግሞ በእጅ መጻፍ ይሻላል ሲባል ሰምታችኋል። ወሬው የገነነው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ነው፤ በኋላ ጥናቱን የደገሙት ግን ያንኑ ውጤት በግልጽ አላገኙም። እናም በዚህ አትጨነቁ።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልገባ ነበር። ግን ደጋግማችሁ የምትነግሩኝ አንድ ነገር አላስኬድ አለኝ፦ «ክላውድ ላይ ስላለ አይጠፋም»። ይጠፋል! መተግበሪያው በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት ማከማቻ፣ የሚያደርገው ማመሳሰል ነው፤ ማመሳሰል ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ማመሳሰል ማለት በስልኩ ላይ የሆነው ሁሉ በላፕቶፑም ላይ ይሁን ማለት ነው። «የሆነው ሁሉ» ውስጥ መሰረዝም አለበት። ሕፃኑ በስልካችሁ ሲጫወት አንዱን ማስታወሻ ቢሰርዘው፣ ላፕቶፑ በታማኝነት ይሰርዘዋል። ጎግል ኪፕ የተሰረዘውን በቅርጫቱ የሚያቆየው ለ7 ቀን ነው፤ በስምንተኛው ቀን ብታስታውሱ ለቅሶ ነው። የይለፍ ቃሉ ቢረሳና መለያው የተከፈተበት ስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው ቢሰጥስ? ማስታወሻው አለ፤ እናንተ ግን ደጅ ቆማችኋል።

ኩባንያውም ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ኤቨርኖት የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀምር «ሁሉን አስታዋሽ» ተብሎ ነበር። በ2023 መጀመሪያ የጣሊያኑ ኩባንያ ቤንዲንግ ስፑንስ ጠቀለለው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በነፃ የሚጠቀሙት በ50 ማስታወሻና በ1 ደብተር እንዲወሰኑ ሆነ። ከዚያ በላይ አዲስ መጻፍ የፈለገ ይክፈል። ክፉ ናቸው አልልም፤ ንግድ ነው። ግን ክላውድ የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ኮምፒውተር መሆኑን አትርሱ።

እሺ፣ ቴክኒኩ። ኦብሲዲያን በራሳችሁ መሣሪያ ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፣ በማርክዳውን። ማርክዳውን ማለት ርዕሱንና ድምቀቱን እንደ # እና * ባሉ ተራ ምልክቶች የሚያመለክት አጻጻፍ ነው። ኖሽን በራሱ ሰርቨር ላይ፣ ዋንኖት በአብዛኛው በዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት ክላውድ)፣ ኪፕ በጎግል መለያችሁ። ማስታወሻችሁን ከኪፕ ማውጫው ጎግል ቴክአውት ነው፤ በጎግል መለያችሁ ያለውን ቅጂ የምታወርዱበት አገልግሎት። ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን ሞክሩት። ይኸው ነው።

[ማያ ገጹ ላይ፦ የፍለጋ ሳጥን]

አሁን ደግሞ የሌላ አገር ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። «የሐኪም ቀጠሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ በሐመሩ ሐ። ከወር በኋላ ቸኩላችሁ በሃሌታው «ሀኪም» ብላችሁ ፈልጉ። ምንም! ማስታወሻው እዚያው አለ፤ ፍለጋው ግን አላየውም። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት) ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። የፍለጋ ሥራ የሠራው ሰው ይህን አስቦ ካላስተካከለው በቀር «ዓለም» ብሎ የጻፈ «አለም» ብሎ አያገኝም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከቀለሙም ከመልኩም ይልቅ ይህ ይበልጣል። የባለ ሱቁ ዓይን «ፀሐይ»ንም «ጸሃይ»ንም ያገኛል!

መፍትሔው ቀላል ነው። ርዕሱ ላይ በሁለቱም አጻጻፍ አስቀምጡት፣ ወይም የማይለዋወጥ ነገር ጨምሩበት፦ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ የብር መጠን። «ሐኪም ሀኪም 12/3» ያምራል? አያምርም። ይገኛል።

አንድ የመተግበሪያ ስም ካልሰማን አንሄድም የምትሉ፦ ጥቂት አጫጭር ነገር ላለው ኪፕ ይበቃዋል። ለዓመታት የሚቆይ ጽሑፍ ላለው ኦብሲዲያን፤ ማኅደሩን በየወሩ ፍላሽ ላይ እየገለበጠ። ለኖሽን ወዳጆች ምንም የለኝም፤ ሠንጠረዥ መሥራት ካማራችሁ ሥሩ።

በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ያሏችሁ፣ ስትከፍቷቸው የተመሰቃቀለ የላቲን ምልክት የሚታያችሁ፣ ቀጣዩ ቪዲዮ የእናንተ ነው። አንድ ገጽ ናሙና ላኩልኝ፤ ምስጢር ያለበትን አትላኩ። ደወሏን መጫን አትርሱ።