የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጋራዥ ውስጥ የተሠራ መኪና ታርጋ የሚያገኘው እንዴት ነው?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የመጡት ከካሊፎርኒያ አድማጮቻችን ነው። ሁሉም ስለ ሆት ሮድ ነው፤ በገዛ እጅ ስለሚገጣጠመው መኪና።

ጥያቄ፦ ሻንሲውም ቦዲውም አዲስ ነው፤ መልኩ ግን ቁርጥ የ1932 ፎርድ። «1932 ፎርድ» ብዬ ላስመዝግበው?

አይሆንም ወንድሜ። የሠራኸው አንተ ነህ። ዲኤምቪ (የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) «በልዩ ሁኔታ የተሠራ» ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የአንድ የተጣለ መኪና ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እና የሻንሲ ቁጥር ሊሸጥልኝ ነው። መኪናዬ ላይ ብገጥመው ጣጣው አይቀንስም?

እባክህ ተው። ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁሌም ሆዴን ይበላኛል። ቁጥሩ የዚያ መኪና ነው። ካንዱ አንስቶ ሌላው ላይ መለጠፍ፣ መፋቅ፣ መቀየር በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ባትታሰር እንኳ መኪናውን ታጣለህ።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ መኪና ሳያውቅ ገዛ። ለምርመራ ይዞት ሄደ። ፖሊሱ በርከክ ብሎ የሻንሲውን ብረት በጨርቅ ወለወለ፤ ባትሪ አበራበት። ቁጥሮቹ ዙሪያ የግራይንደር ጭረት ታየ። መኪናው ከዚያ የወጣው በጎታች ነው። ሻጩ እስከ ዛሬ ስልክ አያነሳም።

«የድሮ ቁጥር ማን ያያል?» አትበሉኝ። የ1932 ፎርድ ቁጥር ሻንሲው ላይ ነው የተመታው፤ መርማሪው ቦታውን አሳምሮ ያውቀዋል። ሕጋዊው መንገድ ረጅም ነው እንጂ ዝግ አይደለም። መኪናውን እኔ ሠራሁት የሚለውን ፎርም ትሞላለህ። ሃይዌይ ፓትሮል፣ የካሊፎርኒያ የመንገድ ፖሊስ፣ መኪናውንና ደረሰኞችህን ያያል። የራሱ የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር አትዋስ!

ጥያቄ፦ የጭስ ምርመራውስ?

ከ1976 ሞዴል በፊት ያሉ መኪኖች ከምርመራው ነፃ ናቸው። ከ2002 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ በየዓመቱ በገዛ እጃቸው መኪና የሠሩ የመጀመሪያዎቹ 500 አመልካቾች በመኪናቸው ቦዲ ወይም ሞተር ዘመን ይዳኛሉ። ዘመኑን የሚወስነው «የጭስ ምርመራ ዳኛ» የሚባለው ባለሙያ ነው። ኮታው ጃንዋሪ ላይ ይከፈታል፤ ቀድማችሁ ተሰለፉ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ከሰው ገዛሁ፤ ደረሰኝ የለኝም።

እህቴ፣ ዛሬውኑ ተመለሺ። የሻጩን ስምና አድራሻ፣ የሞተሩን ቁጥር፣ ዋጋና ቀን ጽፈሽ አስፈርሚው። የብሎን ደረሰኝ እንኳ አትጣሉ እላለሁ ሁልጊዜ።

ጥያቄ፦ ግብሩ እንዲያንስ ዋጋውን ዝቅ ላድርገው?

አታድርግ። የምትፈርመው በመሐላ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጀመረው መኪና አለ። እሱ አረፈ። ታይትሉ ጠፍቷል፤ ሻንሲውንም ከማን እንደገዛው አላውቅም።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይሄ የውርስም ጉዳይ ነው፤ እኔ መካኒክ ነኝ። ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። እስከዚያ ሻንሲውን ቀለም አታስቀቢው፣ ማንም እንዳይፍቀው። ጋራዡ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ ግሪስ የነካውን ሳይቀር፣ በአንድ ካርቶን ሰብስበሽ ይዘሽለት ሂጂ።