ጄይዎኪንግ፦ ስድብ እንዴት ሕግ ሆነ?

እሷ፦ ዛሬ የመረጥነው ቃል «ጄይዎኪንግ» ነው። አሜሪካ ውስጥ እግረኛ ከዜብራ ውጭ ወይም መብራት ሳይፈቅድለት መንገድ ሲያቋርጥ ድርጊቱ በዚህ ስም ይጠራል። እግረኛው እንደ ጄ ፊደል ተጠማዞ ስለሚሻገር ነው የሚሉ አሉ።

እሱ፦ እሱ ተረት ነው። «ጄይ» የምትንጫጫ ወፍ ስም ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሜሪካውያን ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ግራ የሚጋባን ሰው ያላግጡበት ነበር። አንዳንድ ከተሜ «ባላገር» የሚለውን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚናገረው ታውቂያለሽ።

እሷ፦ አውቃለሁ እንጂ! የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ የካንሳስ ጋዜጦች «ጄይ ድራይቨር» እያሉ የመንገዱን ጎን ስቶ የሚነዳውንም ይዘልፉ ነበር። ታዲያ ነጂው ከስድቡ እንዴት አመለጠ?

እሱ፦ መልሱ ያለው በ1920ዎቹ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ጎዳናው ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ ሰውም በፈለገው በኩል የሚሻገርበት የጋራ ስፍራ ስለነበር፣ መኪና ሰው ሲገድል ጣት የሚቀሰረው በነጂው ላይ ነበር። እንዲያውም በ1923 በሲንሲናቲ 42,000 ሰዎች፣ መኪኖች በሰዓት ከ25 ማይል በላይ እንዳይሄዱ የሚያግድ መሣሪያ ይገጠምባቸው ብለው ፈረሙ። የመኪና ነጋዴዎች ደንግጠው ብርቱ ዘመቻ ከፈቱ፤ ሐሳቡም በድምፅ ተሸነፈ።

እሷ፦ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ወደ እግረኛው ማዞር ዋና ሥራቸው ሆነ ማለት ነው።

እሱ፦ በትክክል። ያለ ቦታው መሻገርን የሚከለክል ደንብ ካንሳስ ሲቲ በ1912 ቀድማ ብታወጣም፣ ለሌሎች ከተሞች አርአያ የሆነው የሎስ አንጀለስ የ1925 ደንብ ነው። የቦይ ስካውት (የታዳጊ ወንዶች ማኅበር) ልጆችም ጎዳና ላይ ቆመው፣ ያለ ቦታው ለተሻገረ ሰው ጥፋቱን የሚነግር ካርድ ያድሉ ነበር። በእኔ ግምት ከቅጣቱ ይልቅ የሠራው ይህ ነው፤ አንድ ጎልማሳ በሕዝብ ፊት ከልጅ እጅ «ባላገር ነህ» የሚል ወረቀት መቀበልን እንዴት ይወዳል?

እሷ፦ አሁን ግን ሕጉ በየቦታው እየላላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ፣ ከ2021 ጀምሮ ፖሊስ ያለ ቦታው ስለተሻገረ ብቻ እግረኛን ማስቆም አይችልም። ካሊፎርኒያ በ2023 ሕጉን አላልታለች። የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በ2024 ድርጊቱን ከጥፋት ዝርዝር ሰርዞታል፤ ሆኖም ከማቋረጫው ውጭ የሚሻገር ሰው ለተሽከርካሪ ቅድሚያ መስጠት አለበት።